ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ሒሳቡስ? ስለ ፈረስ ግልቢያ ትምህርት ክፍያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፈረስ መጋለብ መማር የጀመርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አሁን የእህቴንም ልጅ ይዤ እሄዳለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "አትፈሪም?" ብሎ አይደለም። "ስንት ነው?" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱኑ ነበር። ዋጋው ዛሬ የተባለው ነገ ስለሚቀየር እዚህ የዋጋ ዝርዝር አልደረድርም። አንድ ዋጋ ሲነገራችሁ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን እንዴት እንደማሰላው ግን ልንገራችሁ።

"በሰዓት ስንት ነው?" ብዬ ብጠይቅ አይበቃም?

አይበቃም። የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ቀጠሮዬ 4 ሰዓት ላይ ነበር፤ የአንድ ሰዓት ከፍያለሁ። ፈረሱ ሌላ ሰው ይዞ ወጥቶ ስለነበር እስኪመለስ ቆምኩ። መጣ። ኮርቻው ወደ አንድ ጎን ስላጋደለ ተፈቶ እንደገና ታሰረ። እርካቡ ረዘመብኝ፤ እሱን ማሳጠር ሌላ ጊዜ በላ። ከዚያ "ፎቶ አትነሺም?" ተባለ፤ ተነሳሁ። መዞር ስጀምር አስተማሪው ስልክ ተደወለለት። ልክ 5 ሰዓት ሲሆን "ሰዓት ደርሷል" አለኝ።

ቤት ገብቼ ስቆጥረው ኮርቻ ላይ የቆየሁት 26 ደቂቃ ነው። አስተማሪው ዓይኑን እኔ ላይ ያደረገበት ደግሞ ቢበዛ 10 ደቂቃ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። ቁጥሩን የወሰድኩት ለስሌት ያህል ነው። ሰዓቱ 1,000 ብር ከሆነና የተማርኩት 10 ደቂቃ ከሆነ፣ ደቂቃው 100 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሌላ ቦታ ለ45 ደቂቃ 1,500 ብር ቢሉኝና 40ውን ደቂቃ አጠገቤ ቆመው ቢያስተምሩኝ፣ ደቂቃው 37 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ውድ የመሰለኝ ቦታ በሲሶ ገደማ ዋጋ ሊያስተምረኝ ነው!

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ። ከሰዓቱ ስንት ደቂቃ ኮርቻ ላይ እሆናለሁ? አስተማሪው በዚያ ሰዓት ሌላ ማንን ያስተምራል? ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ሄዳችሁ ዳር ቆማችሁ የሌላ ሰው ትምህርት ተመልከቱ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ አለ አይደል? አያሳፍርም፤ እኔ አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ኮርቻ መጫንና ልጓም ማግባት ራሳችሁ እየሠራችሁት ከሆነ ያ ጊዜ የባከነ አይደለም። እሱም ትምህርት ነው። የባከነው ቆማችሁ የጠበቃችሁት ነው።

እንጦጦ ላይ ፈረስ ተከራይቼ ዞሬ አውቃለሁ። ያ ትምህርት አይደለም?

ሽርሽር ነው። ደስ ይላል፤ አየሩም እይታውም ይጣፍጣል። ግን አንድ ልጅ ልጓሙን ይዞ ከፊት እየሳበ እናንተ ከላይ ከተቀመጣችሁ፣ ፈረሱን የሚነዳው ልጁ ነው። ለሽርሽር የሽርሽር ዋጋ ክፈሉ። ነገሩ የሚበላሸው ሽርሽሩ በትምህርት ዋጋ ሲሸጥ ነው። አምስተኛ ቀናችሁ ላይ ደርሳችሁ ገመዱ አሁንም በልጁ እጅ ካለና "መቼ ነው የምትለቀኝ?" ስትሉት የሚስቅ ከሆነ፣ እየከፈላችሁ ያላችሁት ለመታየት ነው።

በአገራችን ፈረስ ሞልቶ የለም? ለምን ይወደዳል?

ሞልቷል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ አለን። ነገር ግን የሰላሌ ገበሬ ፈረስ ሜዳ ላይ ሣር ግጦ ያድራል። የከተማ ፈረስ ሜዳ የለውም። ድርቆሹም፣ ፉርሽካውም፣ ገብሱም በገንዘብ ይገዛለታል።

ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ደረቅ መኖ ይበላል። የኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ ይመዝናል እንበል። በቀን 5 ወይም 6 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሲውልና ተማሪ ሲጠፋም ይበላል። ሁዳዴም ቢገባ ፈረስ አይጾምም።

እዚህ ላይ እኔ የምወዳት ስሌት አለች። ሰፈራችሁ ያለ መኖ ሻጭ ጋ ሂዱና የኪሎ ዋጋ ጠይቁ። ድርቆሹም ፉርሽካውም ተደባልቆ በአማካይ ኪሎው 30 ብር ደረሰ እንበል። 6 ኪሎ በቀን 180 ብር፣ በወር 5,400 ብር። አንድ የማስተማሪያ ፈረስ ሳይጎዳ በቀን 2 ሰዓት ያህል ቢሠራና በወር 24 ቀን ቢወጣ 48 ሰዓት ነው። 5,400ን ለ48 ስታካፍሉት 112 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ለምግቡ ብቻ ነው። የአስተማሪው ደመወዝ፣ የቦታው ኪራይ፣ የኮርቻው ጥገና፣ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ የሚደረገው የሰኮና ክርከማ፣ ሐኪሙ፣ ትንኝ ለሚያስተላልፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚሰጠው ክትባት ገና አልተነኩም።

እናንተ በራሳችሁ ከተማ ዋጋ አስሉት። የተነገራችሁ ክፍያ ከመኖው ወጪ ብዙም ካልራቀ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ፈረሱ አልጠገበም፣ ወይ ከጠዋት እስከ ማታ ኮርቻ አይወርድለትም። ቅናሹን የሚከፍለው እሱ ነው።

ፈረሱ ደህና መሆኑን እኔ በምን አውቃለሁ? ሐኪም አይደለሁም።

እኔም አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ለምኑ፤ "ኮርቻው ሳይጫን ልየው" በሉ። ጀርባውን እዩ። ገጣባ (ኮርቻ የላጠው ቁስል) ካለ ይታያል፤ ድሮ የዳነ ከሆነ ደግሞ ነጭ ፀጉር አብቅሎ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በሆዱ ዞሮ ኮርቻውን የሚያስረው ጠፍር የሚያርፍበትን ቦታ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ በእጃችሁ ዳብሱት።

አንድ ቦታ ለስድስት ቀን ትምህርት ቀብድ ከፍዬ ነበር። ዳማ ፈረስ፣ ጋማው የተበጠረ፣ ከሩቅ ሲያዩት የሠርግ ፈረስ የሚመስል። ግላሱን ገልጬ እጄን ወገቡ ላይ ሳሳርፍ ጀርባው ወደ ታች ሰመጠ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣበቀ። ጣቴን ሳነሳው እርጥብ ነበር። ልጁ "ዝንብ ነው እህቴ፣ ቅባት አድርገንለታል" አለኝ። እሱን ምን እላለሁ? ከላይ ያዘዙትን ነው የሚሠራው። ቀብዴን አልመለሱልኝም። ይቅርብኝ ብዬ ወጣሁ።

የጎድን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር፣ ሲራመድ አንገቱን በየእርምጃው ከፍ ዝቅ የሚያደርግ (ያነክሳል ማለት ነው) ወይም ሰኮናው የተሰነጠቀ ፈረስ ላይ አትውጡ። ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም። የሚያመው ፈረስ ይጥላል።

ብቻዬን ልማር ወይስ ከሰው ጋር?

ስድስት ሰው አንድ ሰዓት ላይ ሲማር የአስተማሪው ዓይን ለስድስት ይካፈላል። የቡድን ዋጋ ከግሉ ግማሽ ካልወረደ አያዋጣም ባይ ነኝ።

የኔ ምክር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አራት ቀናት ለብቻ መክፈል ነው። እሱንም ቢሆን በረጅም ገመድ። አስተማሪው መሃል ይቆምና ፈረሱን ዙሪያውን ያዞረዋል፤ እናንተ ልጓም አትይዙም፣ አንዳንዴ እርካብም ይወሰድባችኋል። ሥራችሁ መቀመጥ ብቻ ነው። ይሰለቻል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል። ግን ለፈረስ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማይቆጨኝ ይሄ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት 30 ደቂቃ ከበቂ በላይ ስለሆነ የአንድ ሰዓት ካስከፈሏችሁ ተከራከሩ። ሚዛን ከያዛችሁ በኋላ ሦስት አራት ሰው ያለበት ቡድን ውስጥ ግቡ። የሌላው ስህተት ያስተምራል፤ ጨዋታውም አለ።

የ10 ቀን አንዴ ከከፈልሽ ቅናሽ አለ አሉኝ። ልክፈል?

ሦስት ቀን ሳትማሩ አትክፈሉ። ከዚያ ከፈለጋችሁ ክፈሉ፤ ግን መጀመሪያ እነዚህን አስመልሱ። ዝናብ ቢዘንብ ቀኑ ይቃጠላል ወይስ ይተላለፋል? በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ ጥያቄ ገንዘብ ነው። ፈረሱ ቢታመም ሌላ አለ? አስተማሪው ቢለቅ ገንዘቤ ይመለሳል? አሥሩን ቀን በስንት ወር ውስጥ መጨረስ አለብኝ? መልሱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። "ችግር የለም፣ እንተዋወቃለን" የሚል ሰው ችግር ሲመጣ አይተዋወቃችሁም።

አስተማሪው ራሱ ጎበዝ መሆኑን እንዴት ልለይ?

ጎበዝ ጋላቢና ጎበዝ አስተማሪ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጥር ላይ ጉግስ ሲጫወት ሰው የሚያፈዝ ፈረሰኛ አውቃለሁ። ሊያስተምረኝ ሲሞክር ግን ቃሉ አንድ ብቻ ነው፤ "አትፍሪ!"

ጥሩ አስተማሪ ከመሬት ይጀምራል። ፈረሱ በየት በኩል እንደሚቀረብ፣ ኋላው እንደማይቆም፣ ሰኮናው እንዴት እንደሚነሳ ያሳያችኋል። ከላይ ስትሆኑ በአንዴ አንድ ስህተት ብቻ ይነግራችኋል። የኔዋ አንድ ሙሉ ቀን "ጉልበትሽን ልቀቂ" ከማለት ሌላ ምንም አላለችኝም። ገና ሶምሶማ ሳትይዙ ሽምጥ ልጋልብ ስትሉት እሺ ካላችሁ ጥሩ ምልክት አይደለም። እንዲህ ያለው ደንበኛ እንዳይቀየመው ነው የሚያስበው።

አንድ ጊዜ ትምህርቱ 20 ደቂቃ ላይ ሲደርስ አስተማሪዬ ፈረሱን አስቆመች። የኋላ እግሩ አልጣማትም። ወረድኩ፤ የቀረውን ሰዓት የፈረስ እግር እንዴት እንደሚታይ አስተማረችኝ። ለእሷ ዋጋ ሲጨምሩ ምንም አላልኩም።

ክብደቴን ጠየቁኝ። ምን አገባቸው?

ያገባቸዋል። በብዙ አገር የሚጠቀሰው መመሪያ ጋላቢውና ኮርቻው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ገደማ ባይበልጡ ይሻላል ይላል። 250 ኪሎ ፈረስ ላይ 50 ኪሎ ማለት ነው፤ አብዛኞቻችን ወድቀናል። ስለዚህ ከበድ ያለ ሰው ትልቅ ፈረስ ይሰጠዋል፣ ጊዜው ያጥራል ወይም ዋጋው ከፍ ይላል። ክብደታችሁን ሳይጠይቅ ያገኘው ፈረስ ላይ ከሚጭናችሁ የጠየቀው ይሻላል።

ለልጄስ?

ለትንሽ ልጅ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ይበተናል፣ እግሩም ይደክማል። የግማሽ ሰዓት ዋጋ ከሌላቸው ሁለት ልጆች ሰዓቱን እንዲካፈሉ ጠይቁ፤ እኛ ከጎረቤት ልጅ ጋር እንዲህ ነው ያደረግነው። ከስድስት ሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ሽርሽሩ ራሱ ይበቃዋል። ፈረሱን መቦረሽና ካሮት ማብላት ብዙ ጊዜ ከግልቢያው በላይ ያስደስተዋል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

እስራኤል ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ በሐኪም ምክር ለሕክምና ፈረስ የሚጋልብ ከሆነ ሙሉውን ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የጤና መድናችሁን ተጨማሪ ሽፋን ጠይቁ።

ሄልሜትና ጫማ ግዴታ ነው? ሌላ ወጪ ሊሆንብኝ ነው።

ሄልሜት፣ አዎ። ከቦታው ካለ የነሱን አድርጉ፤ ልክ ካልሆነና ሲነቀንቁት የሚዞር ከሆነ ግን የለም ማለት ነው። አንዴ ከባድ ውድቀት የደረሰበት ሄልሜት ውስጡ ስለሚጎዳ ከሰው እጅ አሮጌ አትግዙ።

ጫማ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ትንሽ ተረከዝ ያለው፣ ሶሉ ልሙጥ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ማንኛውም ጫማ ይሆናል። ተረከዙ የሚያስፈልገው እግር በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ እንዳይቀረቀር ነው። የቀደሙት ፈረሰኞቻችን ይህን ችግር በሌላ መንገድ ነበር የፈቱት። እርካባቸው ትንሽ ቀለበት ነበረች፤ በባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ ይገባባታል። ሲወድቁ ጣቷ ትወጣለች።

አያቶቻችን መቼ ከፍለው ተማሩ? እኛ ለምን እንከፍላለን?

ይህን የሚጠይቀኝ አጎቴ ነው፤ በየበዓሉ። አባ ታጠቅ ካሳ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነፍሶ ባልቻ እያለ የፈረስ ስም ይደረድርልኛል።

እውነት ነው፣ በብር አልከፈሉም። በጉልበት ከፍለዋል። ፈረስ ቤት ውስጥ ካለ፣ ልጅ ውኃ ሲያጠጣውና ሣር ሲያጭድለት ነው የሚማረው። አዊ ላይ ዛሬም እንዲህ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ያያችሁት ጎረምሳ፣ ለግልቢያ የሰዓት ክፍያ ከፍሎ አያውቅም።

ከዚህ አንድ ብልሃት ወስጃለሁ። ጋጣ ማጽዳት፣ መቦረሽ፣ ማጠጣት ላይ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላግዝና ትምህርቱን ቀንሱልኝ ብዬ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን በወር አንዱን ቀን በነፃ እማራለሁ። ሁሉም ቦታ እሺ አይልም፤ መጠየቅ ግን ነፃ ነው። አጎቴ ይህን ሲሰማ "ይኸው፣ እንደ አያትሽ!" አለ።

ውጭ አገር ነው ያለሁት። እዚያስ ይሄ ስሌት ይሠራል?

ይሠራል። ቁጥሩ ነው የሚያድገው። የነሱ ፈረስ 500 ኪሎ ስለሚሆን የኛን እጥፍ ይበላል፤ ጉልበትና ኢንሹራንስም ውድ ነው። አሜሪካ ያለች ጓደኛዬ ለልጇ የግማሽ ሰዓት የግል ትምህርት ነው የምትከፍለው፤ ልጅቷ ግን ከሰዓቱ በፊትና በኋላ ፈረሱን ራሷ አዘጋጅታ ራሷ ትመልሳለች። በደቂቃ ሲሰላ ጥሩ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ፈረስ የሚያከራይና የሚያስተምር ቦታ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት ስላለበት ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ።

ብወድቅ ማን ይከፍላል?

ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በሌላ በኩል እንስሳውን ለራሱ ጥቅም ይዞ ሲገለገልበት የነበረ ሰውም ተጠያቂ የሚሆንበት አለ። ስለዚህ የሚያስፈርሟችሁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን የት እንዳለ ጠይቁ። መልሱ "እ...?" ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ፈረሱን ለሚያዘጋጀው ልጅ ጉርሻ ይሰጣል?

ይሰጣል። በእጁ።

ሁለት ወር ከፍዬ አሁንም ሶምሶማ ላይ ነኝ። ተበላሁ?

በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትሄዱት? አንድ ቀን ከሆነ ስምንት ጊዜ ብቻ ነው የወጣችሁት። ሶምሶማ ላይ ከፈረሱ ምት ጋር መነሳትና መቀመጥ እኔን ዘጠነኛው ቀን ላይ ነው የያዘኝ፤ እሱም ለአሥር እርምጃ ያህል። በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ከምትሄዱ ገንዘቡን አጠራቅማችሁ ለአንድ ወር በሳምንት ሁለቴ ብትሄዱ ይሻላል። ሰውነት ቶሎ ይረሳል።

ግን አስተማሪያችሁን "ካለፈው ወር ምን ተሻሽሏል?" ብላችሁ ጠይቁት። የሚያስተምር ሰው ወዲያው ይነግራችኋል። የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ጠይቃ ነበር። አስተማሪዋ ትንሽ አሰበችና "በፊት ጋማውን ጨብጠሽ ነበር የምትዞሪው፤ ዛሬ አንዴም አልነካሽውም" አለቻት። ልጅቷ እጇን አየት አደረገችና "እውነቷን ነው" አለችኝ።